ስለ ፍርሃቴና ስላከሙኝ ሰዎች

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ ለባንቻየሁ፤ ባለሽበት አርባ ምንጭ።

እንደምን አለሽልኝ እቴ? ሰውነትሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትይ ይቀስፍሻል? ባለቤትሽ ደርቤስ እንደምን አለ? የተማሪ ጩኸት ድምፁን ዘጋው ብለሽኝ ነበር፤ ተከፈተለት? ልጆቹስ አደጉ? ሙቀቱንስ እንዴት ቻላችሁት? እኛ ይኸው በሚያዝያም ሲመሽ ጋቢ ደርበን ነው የምንቀመጠው። እኛ ሁላችን ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ይይዛታል እንጂ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ከመሳም አላስቀራትም። ባለቤቴ እታለም ደህና ናት፤ ሕፃኗም ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። ይችን የመጨረሻዋን ቃል ደግመሽ አንብቢያት፤ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ስንገናኝ እያለቀስሽ ስለነበር የነገርኩሽን የሰማሽኝ አይመስለኝም። ቻላቸው ሹፌሩ እናንተ አገር ጭነት አድርሶ ሲመለስ ቤትሽ ጎራ ብሎ፣ ወንድምሽ ክንዴ አብዷል፣ ጠበል ቤት በሰንሰለት ታስሮ ይውላል ብሎሽ ነው የሄደው። እህል አልቀምስም ብለሽ እንደ ሰነበትሽ ደርቤ ነግሮኛል። አንቺም ስልኩ ሊቋረጥ ሲል፣ ካላበድክ የእብድ ሐኪም ጋ ምን ወሰደህ አልሽኝ። ጥያቄሽ አላስቀየመኝም። እኔም ራሴን ስጠይቀው የከረምኩት እሱኑ ነው። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው በደብዳቤ የጻፍኩልሽ፤ ረጋ ብለሽ አንብቢው፣ ለደርቤም አንብቢለት።

ነገሩ የጀመረው አምና በጥቅምት ማለቂያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ይዘን ስሜን ተራራ ላይ ወደ አምባራስ እየሄድን ነበር፤ እኔ መንገድ መሪ፣ ያርጋል ደግሞ ጫኝ። ያርጋልን ታውቂዋለሽ፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ ሳገባ ሚዜዬ የነበረው ነው። ሌሊቱን አመዳይ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል። በገደሉ አፋፍ ስንሄድ በቅሎዋ ከምን እንደ ደነበረች እንጃ፣ ድንገት ዘወር ስትል ጭነቱ ትከሻዬን መታኝና እግሬ መሬት አጣ። ከአፋፉ የበቀለ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ እጄ ላይ ባይገባ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልሽም ነበር። ተንጠለጠልኩ። ከሥሬ ጉም ብቻ ነው። ያርጋል በደረቱ ተኝቶ መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ ቀበቶዬን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። አልተሰበርኩም፣ አልደማሁም። እንዲያውም እንግዶቹ ሲያለቅሱ እኔ እስቅ ነበር። ያን ቀን ጉዞውን ጨርሼ፣ እራቴን በልቼ፣ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ለእናታችንም አልነገርኳት፤ አለፈ ብዬ ነዋ።

አላለፈም። በሚቀጥለው ጉዞ ገና ከሳንቃበር አለፍ እንዳልን፣ ገደሉ ከሩቅ ብቅ ሲል ጉልበቴ ከዳኝ። ልቤ እንደ ፈረስ ይጋልባል፣ ላቤ ይወርዳል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ለእንግዶቹ ሆዴን አመመኝ አልኳቸውና እየመራኋቸው ሄጄ እየተመራሁ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየሰፋ መጣ። ለዘመድ ሐዘን ሊማሊሞን በአውቶቡስ ስንወርድ፣ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ሳንደርስ ወራጅ አለ ብዬ ጮህኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ፣ እኔ ግን ወርጄ በእግሬ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ። ድልድይ መሻገር አቃተኝ። ቆርቆሮ ልመታ ጣራ ላይ ወጥቼ መውረድ አቅቶኝ በጎረቤት ርዳታ ወረድኩ። ዓይኔን ስከድን መሬቱ ከሥሬ ይሄድብኛል፤ ስለዚህ መተኛት ተውኩ። እንቅልፍ እንዲያመጣልኝ ብዬ አረቄ ጀመርኩ። አረቄው እንቅልፉን ቢያመጣም ፍርሃቱን አብሮ ቀሰቀሰው።

የልብ ሕመም ነው ብዬ ልቤን ተመረመርኩ። ማሽኑን ደረቴ ላይ ለጥፈው አዩና ልብህ ጤነኛ ነው አሉኝ። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ጤነኛ ከሆነ ምን ያስጋልበዋል? በዚህ መሃል ነው እንግዲህ ቆላ ወርጄ፣ መተማ ሄጄ ሰሊጥ እሠራለሁ ብዬ የቆረጥኩት። በዚያ ገደል የለም። ጉዞ ትቼ ቤት ከዋልኩ ሰንብቼ ነበር፤ በቅሎዬን የሚገዛ ሰውም አገኘሁ። እታለም ያኔ እርጉዝ ነች። ሰምታኝ ሰምታኝ፣ ገደል የሌለበት አገር ፍለጋ ሆዴን ይዤ አልከተልህም አለችኝ። ደግሞም አንተ እዚያ ሄደህ የምትፈራው ነገር አታጣም፤ ፍርሃቱ ያለው አንተ ጋ ነው እንጂ ስሜን ተራራ ላይ አይደለም አለችኝ። እንዲህ ቆርጣ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ወይ እሷን ትቼ መሄድ፣ ወይ መታከም ነበር የቀረኝ።

ጠበል መሄዴ እውነት ነው፤ እናታችን ናት የወሰደችኝ። ማንም ግን አላሰረኝም። መምሬ መልከ ጼዴቅ ራሳቸው አጠመቁኝና አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ይህ ነገር የጀመረህ ከመውደቅህ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለው ጠየቁኝ። በኋላ ነው አባቴ አልኳቸው። እሳቸውም እንግዲያው ጠበሉን ጠጣ፣ ጸሎትህን አታቋርጥ፣ ነገ ደግሞ ተነሥተህ ሐኪም ቤት ሂድ አሉኝ። እናታችን ቅር ሲላት አይተው፣ እኔ ጥርሴን ባመመኝ ጊዜ ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ የሄድኩት ጥርስ ነቃይ ጋ አይደለም ወይ ቢሏት ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ሂድ ብላ የምትወተውተኝ እሷ ሆነች።

የደባርቅ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ሰው እንዳያየኝ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ብገባ፣ አግዳሚው ላይ የማውቀው ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል! ማንም ማንንም እንዳላየ ሆነን ተቀመጥን። ነርሷ ሲስተር ዓለምዬ ትባላለች። የጠየቀችኝን ነገር በሕይወቴ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ አረቄው ጠየቀችኝ። ሕይወትህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። ደነገጥኩ፤ አላሰብኩም፣ ግን አንዳንድ ቀን ባይነጋ እላለሁ አልኳት። አልገሠጸችኝም፣ አልመከረችኝም፤ እንዲህ ማለትህ ጥሩ ነው፣ አሁን የት እንዳለህ አወቅን አለችኝ። ያንተ ነገር እብደት አይደለም፤ ሰውነትህ ከአደጋው መውጣቱን ገና አላወቀም፣ ስለዚህ ዛሬም ተንጠልጥያለሁ ብሎ ይጮሃል አለችኝ። እውነት ነው እቴ፤ ልክ እንደዚያ ነበር።

ደግሞ አንቺም እንደ እኔ ሁሉንም የእብድ ሐኪም እያልሽ በአንድ ስም እንዳትጠሪያቸው፣ ሲስተር ዓለምዬ የነገረችኝን ልንገርሽ። እሷ በአእምሮ ሕመም የሠለጠነች ነርስ ናት፤ መጀመሪያ የምታይ፣ የምትለይ፣ የምትከታተል እሷ ናት። ሳይካትሪስት የሚባለው ደግሞ እንደ ማንኛውም ዶክተር ሕክምና ተምሮ ከዚያ በአእምሮ ላይ የጠለቀ ሐኪም ነው፤ ኪኒን የሚያዘው እሱ ነው። ሳይኮሎጂስት የምንለው ኪኒን አያዝም፤ በንግግርና በልምምድ ነው የሚያክመው። በንግግር ከሚያክሙትም መካከል የሁሉም መንገድ አንድ አይደለም። እኔ ይህን ስሰማ ቤት ስንሠራ ግንበኛውም አናጢውም እንደሚያስፈልገን ነው የቆጠርኩት። እሷም ጎንደር ላለው ሐኪም ጽፋ ላከችኝ።

መንገዱ ደህና በሆነበት ቀን ከእታለም ጋር ጎንደር ወረድን። ሳይካትሪስቱ ዶክተር ባርናባስ ይባላሉ፤ ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ኪኒን አዘዙልኝ። ይህ እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ወዲያው አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ተሻለኝ ብለህም በራስህ እንዳታቆም፣ አረቄም እንዳትነካ አሉኝ። ሌላም ነገር አሉኝ፤ መድኃኒቱ እንቅልፍህን ይመልስልሃል፣ ልብህንም ያረጋጋልሃል፣ ገደሉ ጋ ግን መልሶ አያደርስህም፤ እዚያ የሚያደርስህ ሌላ ሰው ነው አሉኝ። እውነትም የመጀመሪያው ሰሞን አፌ እየደረቀ፣ ሆዴም እየተገለበጠ ተቸገርኩ። ቆይቶ ግን እንቅልፌ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ጠዋት የዶሮ ጩኸት ስሰማ እታለምን ቀስቅሼ ነጋ እኮ አልኳት።

የንግግሩን ሕክምና የጀመርኩት አንድ ወጣት ባለሙያ ጋ ነው። ጨዋ ልጅ ነው። የእሱ መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነበር፤ ስለ ልጅነቴ፣ ስለ አባታችን ሞት፣ ያኔ አንቺ እንዴት አድርገሽ እንዳሳደግሽኝ ይጠይቀኛል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ይሰማል። አልቅሼ እወጣለሁ፣ ግን ስወጣ ልቤ የበለጠ ይከብደኛል፤ ድልድዩም ያው ድልድይ ነው፣ አልሻገረውም። ከእኔ ጋር ከዳባት እየተሳፈረች የምትመጣ አንዲት ሴት ግን እሱው ጋ ትታከም ነበር፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው የኖረችው ሐዘን ነበረባት፤ እሷን ቀና ያደረጋት ይኸው ሕክምና ነው። ለእሷ የሆነው ለእኔ አልሆነም ማለት ነው። ለተማረ ሰው አልረዳኸኝም ማለት ነውር መስሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ። እታለም ናት፣ ጫማ እንኳ ሲጠብህ ትናገር የለም ወይ ብላ የገፋፋችኝ። ስነግረው ልጁ አልተቀየመም። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ ብሎ ተነሣና ራሱ ይዞኝ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደኝ፤ ያንተን ነገር በተለይ የምትሠራው እሷ ናት ብሎ ለዓለምብርሃን አስረከበኝ።

ዓለምብርሃን ሳይኮሎጂስት ናት፤ አጠር ያለች፣ ሳቂታ፣ የዳባት ልጅ። ፍርሃቱ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ ብላ ጠየቀችኝ። እሸሻለሁ አልኳት። ከዚያስ አለች። ከዚያማ እፎይ እላለሁ አልኳት። ያ እፎይታ ነው ፍርሃቱን የሚቀልበው አለችኝ። በሸሸህ ቁጥር ሰውነትህ፣ ለካ ሸሽቼ ነው የተረፍኩት እያለ ይማራል፤ ሳትሸሽ ብትቆይ ግን ፍርሃቱ ራሱ ይደክመዋል አለችኝ። እኔም በልቤ፣ ጠዋት ወንዝ ስንሻገር መጀመሪያ ውኃው እግርን እንደሚቆርጥ፣ ትንሽ ከቆሙበት ግን እግር እንደሚለምደው አሰብኩ። ብነግራት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁም፣ ውኃው ይለመድ ማለት ጀመረች።

መጀመሪያ በስልኳ የገደል ፎቶ አሳየችኝ። አትሳቂ እቴ፤ ፎቶ ነው ያላበኝ! እስኪበርድልኝ ድረስ አየሁት። በሌላ ቀን ፎቅ በረንዳ ላይ ወጥተን ቆምን። ቆይቶ ከእታለም ጋር ከዚያ ከፍ ወዳለ ፎቅ ወጣን፤ እሷ ሆዷን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ እኔ ልቀር አልችልም። ደባርቅ ስመለስ ደግሞ የቤት ሥራ አለብኝ፤ ከያርጋል ጋር ወደ ሊማሊሞ እየሄድን መጀመሪያ ከሩቅ፣ እያደር እየቀረብን እንቆማለን። ያርጋል አንድም ቀን ሰለቸኝ ብሎ አያውቅም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አደጋውን መተረክ ነበር። ዓለምብርሃን ዓይንህን ጨፍነህ አሁን እንደሚሆን አድርገህ ንገረኝ ትለኛለች። በቅሎዋ ዞረች፣ እግሬ መሬት አጣ፣ አስታውን ያዝኩ፣ ከሥሬ ጉም ነው እላለሁና እዚያ ላይ አቆማለሁ። እንደገና ስናገር እዚያው ላይ አቆማለሁ። አንድ ቀን ከዚያስ አለችኝ። ከዚያማ ተረፍኩ አልኳት። እንዴት ተረፍክ፣ ቀጥል አለችኝ። ብቀጥል እቴ፣ እስከዚያች ቀን ፈጽሞ ያላስታወስኩትን ነገር ሰማሁ። ያርጋል እጄን ሲይዘኝ፣ ይዤሃለሁ፣ ይዤሃለሁ፣ አይዞህ ወንድሜ፣ ይዤሃለሁ ይለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ወር ተንጠልጥዬ ስቀር፣ የያዘኝን ሰው ድምፅ ረስቼው ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ ግን የሚከብድ አልነበረም። ደባርቅ ገብቼ ያርጋልን እንዲህ ብለኸኝ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ እኔማ እስከ ዛሬም በሕልሜ እለዋለሁ አለኝ። እሱም እንቅልፍ አልነበረውም ለካ። ማን ጠየቀው? እኔ በራሴ ተይዤ ነበር። ይኸው አሁን እሱም ሲስተር ዓለምዬ ጋ ይሄዳል።

ሲስተር ዓለምዬ ረቡዕ ረቡዕ በሆስፒታሉ ግቢ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት የቡድን ሕክምናም አላት። እኔና ያርጋል አብረን ገባን። አብዛኞቹ በጦርነቱ ቤታቸውን፣ ሰዋቸውን ያጡ ናቸው። የእነሱን ሰምቼ የእኔን መናገር አፈርኩ፤ እኔ ማንም አልሞተብኝም፣ አልወደቅኩም እንኳ አልኩ። ወለተ ሥላሴ የሚባሉ እናት፣ ልጃቸውን የቀበሩ ናቸው፣ ልጄ ያልተኛ ሰው ፊቱ ያስታውቃል፣ ና እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። በዚያ ክብ ውስጥ ማንም ሐኪም አይመስልም፤ ግን አንዱ ሲናገር የሌላው ትከሻ ዝቅ ሲል ታይዋለሽ።

ገደሉ ጋ የተመለስኩት ዘንድሮ ጥር ውስጥ ነው። ዓለምብርሃን ለሥራ ደባርቅ መጥታ ስለነበር እኔንና ያርጋልን ይዛ ወደ ሳንቃበር ሄድን። አፋፉ ሲቃረብ ዞር ብዬ ባያት እሷም ፊቷ ተለውጧል። ምነው ብላት፣ እኔ ከፍታ አልወድም፣ ወድጄም አላውቅም ብላ ሳቀች። ታዲያ ለምን መጣሽ አልኳት። መፍራትና መቅረት ሁለት ነገር ናቸው አለችኝ። ሦስታችን ተቀመጥን። ፍርሃትህ ከአሥር ስንት ነው አለችኝ፤ ዘጠኝ አልኳት። ሽሽ ሽሽ አለኝ፤ ጣቶቼን ሣሩ ውስጥ ቀበርኩ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከፊታችን ሣር እየነቀሉ ይበላሉ፤ አንዷ ልጇን አዝላ አፋፉ ላይ ቁጭ ብላ ታክካለች። ስንት ሆነ አለችኝ፤ ሰባት አልኳት። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ጉሙ ከታች ተገፈፈና የቆላው መንደር ጣራ ታየ። ስንት ሆነ ስትለኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት ያርጋል ተኝቶ ማንኮራፋት ጀመረ። ተሳሳቅን። ቁጥሩን ሳልነግራት ቀረሁ።

አሁን በቅሎዬም አልተሸጠች፣ መተማም አልሄድኩ። የውጭ እንግዳ እንደ ድሮው ባይሆንም ያገር ሰው ይመጣል፤ ባለፈው ሰሞን የጎንደር ተማሪዎችን አምቢኮ ድረስ አድርሼ ተመለስኩ። ኪኒኑን ዶክተር ባርናባስ ራሳቸው ጥቂት በጥቂት እየቀነሱልኝ ነው። ፍርሃቱ ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሽሽም፤ አመዳይ በጣለ ቀን ጉልበቴ ያስታውሰዋል። እቆማለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ ከዚያ እሄዳለሁ። ሕፃኗን ስንቄ ብለናታል፤ ዓይኗ የአንቺ ነው ይላሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ላብቃ። ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት ከገበያ መልስ ጋሽ ያየህ ቤት መጡ፤ ከእኛ በታች ያሉት፣ ፊታቸውን ፈታ አድርገው የማያውቁት ሽማግሌ። ስለ ገብስ አወሩ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ በግ በሽታ አወሩ። ልሸኛቸው በር ላይ ስንደርስ ቆም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ግን አንተ የምትሄድበት ቤት በሩ የትኛው ነው፣ ኪኒን የሚሰጠው ነው ወይስ የሚያናግረው አሉኝ። ሰኞ አብሬያቸው ሄድኩ። እሳቸው ሲገቡ እኔ አግዳሚው ላይ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ። ቆይተው ወጡ። እስከ በሩ ድረስ ከሄድን በኋላ፣ ልጅቱ እኮ እንቅልፍዎ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ አሉኝ። ደግሞም፣ ሚስቴ ከሞተች እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም አሉ።

እናም እቴ፣ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ስታሳድጊኝ፣ ስትድሪኝ፣ በስልክ ስታለቅሽልኝ ኖረሻል፤ እኔ ግን አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? በደብዳቤም ሆነ በስልክ እውነቱን ንገሪኝ።

ለደርቤ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ድምፁን ያሳርፍ። ልጆቹን በየተራ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ትልቋ ትምህርቷን እንድትበረታ፣ ትንሹም አጎትህ በቅሎ ላይ ያወጣሃል ይልሃል በይው። እናታችን ግንባርሽን ስማለች፣ ምርቃቷንም ልካለች። እታለም በጣም ትናፍቂያታለሽ፤ ስንቄን አቅፋ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ጻፍላት፣ ጻፍላት ትለኛለች። ያርጋልም ሰላም ብሎሻል።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ክንዴ

ደባርቅ፣ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.